ጄኔራሉ ያልገባበት ድንኳን

እኔ ታሪክ የተማርኩት ከፊልም ነው። ያውም ከውሸታም ፊልም። ሳቁብኝ፣ ግድ የለኝም፤ ካርቱም ውስጥ በዚህ ነገር ብዙ ተስቆብኛል። ይህን የምጽፈው ግን ለሳቅ አይደለም። ልቤ ላይ የተቀመጠ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። መስማት ለሚገባት ሰው መናገር ስላቃተኝ ነው ለማላውቃችሁ ለእናንተ የምናገረው።

ዘሀራ እባላለሁ፣ የወሎ ልጅ ነኝ። ለሰው ቤት ሥራ ካርቱም የገባሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ሁለት ቤት አየሁ፤ አንዱ ጋ ማዳም ትማታለች፣ አንዱ ጋ ደግሞ አባወራው እጁ አያርፍም። በሦስተኛው አላህ ካሰኝና ባሕሪ በሚባለው የከተማዋ ክፍል ኡስታዝ ዑስማን ቤት ገባሁ። ኡስታዝ እዚያ አስተማሪን የሚጠሩበት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭናጫ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል። አንዲት ልጃቸው ሀናን የምትኖረው ዶሃ ነው። የቀጠረችኝም እሷ ናት። በስልክ ያለችኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፦

«ምግቡን ብታሳርሪ አልቆጣሽም፣ ቤቱን ባታጸጂም አልቆጣሽም። የአባቴን መርፌ ግን አደራ!»

መርፌው ኢንሱሊን ነው። ኡስታዝ ስኳር አለባቸው፤ ዓይናቸውም ደክሞ ልኩን ማየት ስለማይችሉ ጠዋትና ማታ የምወጋቸው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ መርፌውን ፈራሁት። ኋላ ግን እሳቸው ወሬ ሳያቋርጡ ወግቼ እጨርስ ጀመር።

ወሬያቸው ደግሞ ያው ታሪክ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት ይመለሱና፣ ምሳቸውን በልተው ያንን ፊልም ይከፍታሉ። የድሮ የአሜሪካ የጦርነት ፊልም ነው፤ የሚያወራው ስለዚያችው ስለ ካርቱም ነው። የእንግሊዝ ጄኔራል ከተማዋ ውስጥ ተከቦ ቀርቷል፣ የድርቡሾቹ መሪ ከውጭ ሆኖ ያስጨንቀዋል። ፈረስ ነው፣ ግመል ነው፣ አቧራ ነው፣ ጡሩምባ ነው። የሱዳኑን መሪ ሆኖ የሚሠራው ፊቱን ጥቁር ቀለም የተቀባ ፈረንጅ ነው፤ ጆሮው ሥር ቀለሙ አልደረሰም። ይሄን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፣ ሳሳያቸው ኡስታዝ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ፊልሙን የሚከፍቱት ሊደሰቱበት እንዳይመስላችሁ፣ ሊጣሉት ነው። «ኪዝብ! ውሸት! ይሄ ግንብ እዚህ አልነበረም! ወንዙስ በዚህ በኩል ነው እንዴ የሚፈሰው?» ይላሉ ብቻቸውን። ከሁሉ የሚብሳቸው ግን አንድ ቦታ ነበር። ጄኔራሉ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ መሣሪያ ሳይዝ፣ ብቻውን በግመል ሄዶ ጠላቱ ድንኳን ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው በጨዋ ደንብ ያወራሉ። ሲጨርሱ ሰውዬው በሰላም ይሸኘዋል። እዚህ ጋ ኡስታዝ ሪሞቱን አንስተው ፊልሙን ቀጥ ያደርጉታል።

«አልተገናኙም! ስሚ ዘሀራ፣ አንድም ቀን ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ደብዳቤ ነው የተጻጻፉት። ከዚያ ከተማዋ ተያዘች፣ ሰዉ አለቀ። ይኼው ነው ታሪኩ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» እላለሁ የቆመውን ምስል እያሳየሁ።

«ይሄ ሆሊውድ ነው።»

እኔ አላመንኳቸውም። ያን ሁሉ ግመል ቀልቦ፣ ያን ሁሉ ሰው አልብሶ ውሸት የሚሠራ ማን አለ? ሽማግሌው እንግሊዝ ስለሚጠሉ ነው እል ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ያ ድንኳን ልቤ ውስጥ ቀረ። ጨዋ ሰው ሄዶ ካነጋገረው ጠላትም ጨዋ ይሆናል፣ ከታሪክ የተማርኩት ይህን ነበር።

ጦርነቱ የጀመረው ረመዳን ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የቤቱን ደጅ ስጠርግ ሰማዩ የተቀደደ መሰለኝ። ከዚያ በፊት ጦርነት ወደ ወሎ በገባ ጊዜ፣ እኔ ነበርኩ ከካርቱም እየደወልኩ እናቴን «የት ደረሳችሁ?» የምላት። አሁን ተራው የኔ ሆነና እናቴ እየደወለች ታለቅስ ጀመር።

መጀመሪያ ውሃው ሄደ፣ ቀጥሎ መብራቱ። ፍሪጁ ሲሞት እኔም አብሬ ልሞት ደረስኩ፤ ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም። የካርቱምን ሙቀት ደግሞ ያየው ያውቀዋል። ግን እዚያ መብራት ሲጠፋ ስኳር ያለበት ሰው ቤት ሁሉ የሚደረግ ነገር አለ። ብልቃጦቹን በላስቲክ ጠቅልለሽ ትንሽ የሸክላ እንስራ ውስጥ ታስቀምጫለሽ፣ እንስራውን በእርጥብ ጆንያ ትጠቀልይዋለሽ፣ ጥላ ሥር ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ታኖሪዋለሽ። እንደ ፍሪጅ ባይሆንም ያቀዘቅዛል። ጆንያው ከደረቀ ግን ከንቱ ነው። ለሃያ ቀን የሚበቃ ኢንሱሊን ነበረን። የምንጠጣው ውሃ ሲያንሰን እንኳን ጆንያውን አላደረቅኩም፤ ሩዝ ያጠብኩበትን፣ ኡስታዝ ውዱእ ያደረጉበትን ውሃ በጣሳ እያጠራቀምኩ አርሰው ነበር።

ጓደኛዬ መዲና ከወንዙ ማዶ ካላክላ ነው የምትሠራው። አራተኛው ቀን ላይ ደወለች።

«ዘሀራ፣ እኛ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ልንወጣ ነው። ሽማግሌውን ለጎረቤት ስጪና ነይ!»

«ድልድዩ ተዘግቷል፣ በምን በኩል ልምጣ?»

«ቢከፈትስ ትመጫለሽ?»

«መርፌውን ማን ይወጋቸዋል?» አልኳት።

«አንቺ እኮ ጅል ነሽ» አለችና አለቀሰች። ስልኩ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ድምጿን አልሰማሁም።

ዒዱ ዓርብ ዋለ። እንዲህ ያለ ዒድ ለጠላትም አይስጠው። ከኛ ቤት ሁለተኛው ግቢ በዋዜማው በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ነበር፤ አቧራው ገና አልጠፋም። ኡስታዝ ንጹሕ ጀላቢያቸውን ለብሰው በጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል። የፊልማቸው ቀን ነዋ።

ከቀትር በኋላ ጎረቤታችን ሳላሕ መጣ። ሳላሕ መካኒክ ነው፤ ከኋላዋ ክፍት የሆነች ቶዮታ አለችው፣ እዚያ ቦክሲ ይሏታል።

«ነገ ጠዋት ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሸንዲ እወጣለሁ። ለሁለት ሰው ቦታ አለኝ። ያላ፣ ኡስታዝ፣ ተዘጋጁ» አለ።

«እኔ ከቤቴ የትም አልሄድም» አሉ ኡስታዝ። «ይህች ከተማ ስትከበብ የመጀመሪያዋ አይደለም።»

ሳላሕ ወደኔ ዞረ። «ሌላም ችግር አለ። መንገዳችን ጫፍ ላይ ያሉት ታጣቂዎች ትናንት የአንድ ቤተሰብ መኪና ቀምተዋል። ቀድሞ የሚያነጋግራቸው ሰው ያስፈልገናል። እኔ ብሄድ ሰላይ ነህ ብለው ያስቀሩኛል።»

ያን ጊዜ ነው አፌን የከፈትኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

«ኡስታዝ፣ እርስዎ ለምን አይሄዱም?» አልኩ። «እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፣ አስተማሪ ነዎት። ሽማግሌ ማን ይነካል? ጄኔራሉስ ብቻውን ድንኳኑ ድረስ ሄዶ ተነጋግሮ በሰላም ተመልሶ የለ!»

ኡስታዝ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ሰባት ቀን ሙሉ ያላየሁት ፈገግታ ፊታቸው ላይ መጣ።

«ዘሀራ፣ ያ ነገር እኮ አልተደረገም። ስንት ዓመት ልንገርሽ?»

«ባይደረግስ! እርስዎ ያድርጉታ! እዚህ ቁጭ ብለን ጣራ ይውደቅብን?» ብዬ ጮህኩባቸው። ጮኼባቸው አላውቅም ነበር። «እኔ ጥዬዎት አልሄድም ብዬ ቀረሁ። እርስዎ ካልወጡ እኔም አልወጣም፤ የእናቴ እንባ በእርስዎ ላይ ይሁን!»

በልመና ያልሆነው በዚህ ሆነ። ከዚያ ነጩን ጥምጥማቸውን አምጪ አሉኝ፣ ምርኩዛቸውን ያዙና ወጡ። ሳላሕ «አላህ ይጠብቃቸው» ብሎ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ። እኔ በግቢው በር ስንጥቅ አየሁ። ሙቀቱ መንገዱን እያርገበገበው ነበር። ኡስታዝ በመሐል መንገድ፣ ምርኩዛቸውን ጣል ጣል እያደረጉ ሄዱ። ጠመንጃ ተደገነባቸው። ቆሙ፤ እጃቸውን አነሡ። የያሲንን ምዕራፍ ጀምሬ መሐሉ ጠፋብኝ። አንድ ጎልማሳ ታጣቂ ተነሣና አያቸው፤ ከዚያ ወላሂ፣ የፕላስቲክ ወንበር አቀረበላቸው። ተቀመጡ። ሰውዬውም ፊት ለፊታቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ልክ እንደ ፊልሙ!

ግማሽ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም የቆዩት። ሲመለሱ አረማመዳቸው የወጣት ሆኗል።

«ሻይ ሰጡኝ» አሉ ገና ከበሩ ሳይገቡ። «ሰውዬው ከምዕራብ ነው፣ ሩቅ አገር። እናቱን ካየ ሁለት ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት አልገባም፤ እኔ አስተማሪ መሆኔን ስነግረው ተነሥቶ ቆመ። ነገ ጠዋት መኪናችሁን ይዛችሁ እለፉ አለኝ። በእናቱ ማለልኝ።»

«አላልኩዎትም?» አልኩ እየዘለልኩ።

«አልሽኝ፣ ያ ቢንቲ፣ አልሽኝ ልጄ» አሉና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ምናልባት እኮ የዚያን ጊዜም ጥፋቱ ደብዳቤ መጻፋቸው ይሆናል።»

እንግዲህ የኔ ጥፋት ከዚህ ነው የሚጀምረው፣ በደንብ አንብቡልኝ። እኛ ሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች አንድ ልማድ አለን። ፓስፖርታችንንና ያለችንን ወርቅ ከረጢት ሰፍተን እናስገባና፣ ከቀሚሳችን ሥር ወገባችን ላይ በመቀነት እናስረዋለን። ቤቱ ቢቃጠል፣ ማዳም ብታባርር፣ ፖሊስ ቢይዝ እሷ ከወገብ አትወርድም። በዚያ ማለዳ ፓስፖርቴንና ጉትቻዬን እንደ ልማዴ አሰርኩ። ኢንሱሊኑንም ከረጢቱ ውስጥ ልክተተው ብዬ በእጄ ይዤው ነበር። ገላዬ ይሞቃል፣ መንገዱም ፀሐይ ነው፣ ይበላሻል ብዬ አሰብኩ። ደሞስ ነገሩ አልቋል፣ ሰውዬው በእናቱ ምሏል፣ ማን ይነካናል? ብልቃጦቹን መልሼ እንስራው ውስጥ ከተትኩ። ጆንያውን አርጥቤ መኪናው ላይ፣ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ጥላ አስያዝኩት። እንዳይሰበር ዙሪያውን በፍራሽ ደገፍኩት። እንዴት ተጠንቅቄ እንዳስቀመጥኩት ብታዩ!

ፀሐይ ወጥታ ነበር የተነሣነው። መንገዱ ጫፍ ስንደርስ ያ ጎልማሳ የለም። ሌሎች ናቸው፤ ፊታቸውን የሸፈኑ፣ ዓይናቸው የቀላ።

«ውረዱ!» አለ አንዱ። ሳላሕ ሞተሩን እንዳስነሣ እጁን አውጥቶ «ተነጋግረናል፣ ፈቅደውልናል» አለ። ጎትተው አወረዱት። እኛም ወረድን። የሳላሕ ሚስት ልጆቿን ሰብስባ ግድግዳ ሥር ገባች።

ኡስታዝ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደፊት ሄዱ። «ወልዲ፣ ልጄ፣ ትናንት ከአለቃችሁ ጋር ተነጋግሬያለሁ። እለፉ ብሎናል።»

«የትኛው አለቃ?»

ስሙን ነገሩት። የአባቱንም ስም፣ የመጣበትንም አገር።

«እሱ ወደ ሌላ ግንባር ሄዷል። አሁን አለቃው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ካንተም ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገር» አሉና ኡስታዝ ወደ ፕላስቲኩ ወንበር አንድ እርምጃ ሄዱ።

በጠመንጃው ሰደፍ ደረታቸውን መታቸው። ነጩ ጥምጥም ተፈትቶ አቧራው ላይ ተዘረጋ። ያ ረቢ! ሮጬ ሄጄ አቀፍኳቸው፣ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። «አብሽሩ፣ አብሽሩ ኡስታዝ» እያልኩ ራሳቸውን ደግፌ ሳነሣ፣ የቦክሲው ሞተር ሲጮህ ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው እንስራው ትዝ ያለኝ።

«ደዋ! መድኃኒት! መድኃኒቱን ብቻ ስጡኝ!» እያልኩ ከኋላዋ ሮጥኩ። አንዱ ወደ ሰማይ ተኮሰ፤ በደረቴ ተደፋሁ። ቀና ስል መኪናዋ ታጥፋ ሄዳለች። አፈሩ ላይ እንደተኛሁ እጄ ወደ ወገቤ ሄደ። ፓስፖርቴ አለ። ጉትቻዬም አለ።

ወደኋላ መመለስ አልተቻለም፣ ታጣቂዎቹ ወደ ግቢዎቹ መግባት ጀምረዋል። በእግራችን ወደ ሰሜን ሄድን። እስከ ቀትር ድረስ ኡስታዝን እኔና ሳላሕ በየተራ ደገፍናቸው፣ ከዚያ አንድ አውቶቡስ አዝኖ ጫነን። ሸንዲ ስንገባ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከመቶ ሰው ጋር ወለል ላይ ተጣልን። ሳላሕ ዘመዶቹን ፍለጋ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አትባራ ቀጠለ። እኔ በማግሥቱ ከጠዋት ጀምሮ ጉትቻዬን በእጄ ይዤ በየፋርማሲው ዞርኩ። ወርቁን የሚፈልግ ነበር፤ ኢንሱሊን ያለው ግን አልነበረም። አንዲት የጤና ጣቢያ ሴት «እህቴ፣ ከካርቱም የመጣው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይሄን ነው» ብላ ፊቷን አዞረች።

ስኳር ያለ መርፌ ሰውን እንዴት እንደሚያደርገው ያላየ አይወቀው። ውሃ ውሃ ይላሉ፣ ጠጥተው ሳይጨርሱ ያስመልሳቸዋል። ትንፋሻቸው እንደ ከረመ ፍራፍሬ ይሸታል። በሁለተኛው ቀን ከንፈራቸው ተሰነጠቀ። አጠገባቸው ተቀምጬ በካርቶን አራግብላቸው ነበር።

«እኔ ነኝ ያስወጣሁዎት» አልኳቸው። «ካንቺ ጋር አልነጋገርም ይበሉኝ። ይስደቡኝ።»

«ያ ሰውዬ አልዋሸኝም» አሉ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው። «ከልቡ ነበር የማለው። ምን ሆኖ ይሆን?» ለሰውዬው ተጨነቁ። እኔ ደረታቸው ላይ የጠቆረውን ምት እያየሁ ጥርሴን ነከስኩ።

በሦስተኛው ቀን መቃዠት ጀመሩ። ሀናን እያሉ ይጠሩኛል፣ አንዳንዴም በሟች ሚስታቸው ስም። ወደ ማምሻው ግን ዓይናቸውን ገልጠው በደንብ ለዩኝ።

«ዘሀራ፣ ጆንያውን አርጥበሻል?»

ምን ልበላቸው? እናንተስ ምን ትሉ ነበር?

«አርጥቤዋለሁ ኡስታዝ። ቀዝቃዛ ነው።»

«በጎ አደረግሽ» አሉ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሞቱ። የሸንዲ ሰዎች፣ ስማቸውን እንኳን የማያውቁ ደጋግ ወንዶች፣ አጥበው ከፍነው ሰግደውባቸው ቀበሯቸው። ሴት ስለሆንኩ ወደ መቃብሩ አልሄድኩም፣ በር ላይ ሆኜ ቃሬዛው እስኪሰወር አየሁ።

ኔትወርክ የተገኘው በሳምንቱ ነው። ሀናን ስልኩን ከማንሣቷ ጮኸች፤ ሞታቸውን ሳላሕ አትባራ ሆኖ ከሸንዲ ከመጣ ሰው ሰምቶ ነግሯታል። አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት ጠየቀችኝ።

«መርፌው ነበረው? ዘሀራ፣ እውነቱን ንገሪኝ። መርፌው ነበረው?»

«ነበራቸው» አልኳት። «ጠዋትም ማታም ወግቻቸዋለሁ። ልባቸው ነው የደከመው፣ ሐኪሙም እንዲያ ነው ያለው። አልጋ ላይ ተኝተው፣ ሸሃዳ እያሉ በሰላም ሄዱ።»

ሐኪም አልነበረም። አልጋም አልነበረም። ሸሃዳውንም ያልኩላቸው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ሳላስብበት፣ ቃል ሳያደናቅፈኝ ተናገርኩት።

ዛሬ ኮምቦልቻ ነው ያለሁት፤ አንድ ጨርቃ ጨርቅ መሸጫ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከካርቱም መጣሽ አሉ ብሎ የሚጠይቀኝ አይጠፋም፤ እነግራለሁ። እያደር ግን አንድ ነገር ታዘብኩ። ስናገረው ታሪኩ ያምራል። በኔ ወሬ ውስጥ ኡስታዝ ምርኩዛቸውን ይዘው ሲሄዱ ይጀግናሉ፣ ያ ጎልማሳ ወንበር ሲያቀርብ ሰሚው ያለቅሳል። እዚያ ጋ ሳቆም ሁሉም «አላህ ይርዳን» ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። እኔ ነበርኩ፤ ያውም ከማንም ይልቅ ቀርቤ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ነበርኩ የሚልን ሰውም ቢሆን ጠይቁት። ከዚያስ ምን ሆነ? በሉት። ወገብሽ ላይ ምን አሰርሽ፣ መኪናው ላይ ምን ጫንሽ? ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም።

ለሀናን ልነግራት ስንቴ ተነሣሁ መሰላችሁ። ቁጥሯን እጽፍና አጠፋዋለሁ። ብነግራት ለኔ ነው የሚቀለኝ፣ ለሷ ምን ይጨምርላታል? እላለሁ። ደግሞ መልሼ፣ ይሄን የምለው ፈሪ ስለሆንኩ ነው እላለሁ። ሁለቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም።

በየዒዱ ትደውልልኛለች። ድምጿ እየቆየ እንደ አባቷ እየሆነ ነው። ያለፈውም ዒድ ደውላ እናቴን ሳይቀር ጠየቀችልኝ፣ ከዚያ እንደ ሁልጊዜዋ መረቀችኝ።

«አባቴ በዚያ መከራ መሐል መርፌውን አንድ ቀን እንኳን ሳያጣ ሞተ። ካንቺ በቀር ማን ያደርገው ነበር? አላህ ጀነት ይስጥሽ፣ ዘሀራ» አለችኝ።

እኔም አሚን አልኩ።